ድርቆሹንም ሠራተኛውንም ለማዳን፦ በትራክተር የሚሠሩ የሣር ማጨጃዎችን ያረጁ ክፍሎች በጥንቃቄ ስለ መለወጥ

ድርቅ በደረሰ ቁጥር አስቀድሞ የሚታሰበው ለሰው የሚሆን እህል ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ ከችግሩ በኋላ በራሳቸው ቆመው እንዲኖሩ የሚያስችላቸው ከብታቸው በመሆኑ፣ የመኖ ጉዳይ ከእህሉ ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። በሬዎቹ የሞቱበት ገበሬ ዝናቡ ቢመለስም የሚያርስበት አይኖረውም፤ ላሞቹ ያለቁበት አርብቶ አደርም ሣሩ ቢለመልም የሚያልበው አይኖረውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ በመቅረታቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች ማለቃቸው ይህንኑ በግልጽ ያሳያል።

ለክፉ ቀን የሚሆነው መኖ የሚሰበሰበው ግን ክፉ ቀን በደረሰ ጊዜ ሳይሆን ሣር በተትረፈረፈበት ወቅትና ስፍራ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ይህ ወቅት ክረምቱ ካበቃበት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ በአግባቡ ከደረቀ ጥሩ ድርቆሽ ይወጣዋል። ጊዜው ካለፈበት ግን አገዳው ይጠነክራል፣ ገንቢ ንጥረ ነገሩም ይቀንሳል፤ ብዛቱ ቢኖርም ከብቱን አያጠግብም።

የጊዜውን ዋጋ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም የሆነ አንድ የቀንድ ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ6 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ይህ በ90 ቀን ሲባዛ ከ560 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። በሌላ በኩል የማጨጃው ስፋት 1.65 ሜትር የሆነ መሣሪያ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ለመታጠፊያና ለልዩ ልዩ ማቋረጫ የሚባክነው ጊዜ ተቀንሶ በሰዓት አንድ ሄክታር ያህል ያጭዳል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራና ከአንድ ሄክታር 2 ቶን ድርቆሽ ቢገኝ፣ የአንድ ቀን ሥራው ለሃያ ያህል ከብቶች የሦስት ወር ቀለብ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በድርቆሽ ወቅት አንድ ማጨጃ በአንድ ያረጀ ምላጭ ምክንያት ለአንድ ቀን ቢቆም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሠራተኛውን ወደ አደጋ የሚገፋው ይኸው ችኮላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የማጨጃ ክፍል በሚለወጥበት ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ካለማወቅ ሳይሆን «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው» ብሎ ሞተሩን ሳያጠፉ እጅን ከመስደድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ክፍሎቹ እንዴት እንደሚለወጡ ማስረዳትና፣ ችኮላው እንዳይፈጠር ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባውን ማመልከት ነው።

ሁለቱ የማጨጃ ዓይነቶች

በሥራ ላይ የሚገኙት የትራክተር ማጨጃዎች በአጠቃላይ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ባለ ጣት ማጨጃ ነው። ይህ መሣሪያ ከትራክተሩ ጎን ወደ ውጭ የሚዘረጋ ረጅም አግዳሚ ሲኖረው፣ በአግዳሚው ላይ እንደ ጣት የሾሉ ብረቶች ተደርድረዋል። በጣቶቹ ውስጥ ለውስጥ ሦስት ማዕዘን ምላጮች የተደረደሩበት ቀጭን ዘንግ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሣሩም በምላጩና በጣቱ መካከል እንደ መቀስ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ዟሪ ማጨጃ ነው። በዚህ መሣሪያ ምላጮቹ በፍጥነት በሚሽከረከሩ ሳህኖች ወይም ከበሮዎች ጠርዝ ላይ በቡሎን ተንጠልጥለው፣ ሣሩን በፍጥነታቸው ብዛት ይቆርጣሉ። በሰፈራ ጣቢያዎች ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ለመመንጠር የሚያገለግለው መሣሪያም ከዚሁ ወገን ነው፤ ልዩነቱ ምላጮቹ ጥቂት፣ ከባድና ወፍራም መሆናቸው ነው።

ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ከትራክተሩ ጀርባ ከሚወጣው የኃይል ማውጫ ዘንግ (ፒ.ቲ.ኦ.) ነው። የዚህ ዘንግ የተለመደ ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር፣ ማለትም በሴኮንድ 9 ዙር ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ሞተሩ ጠፋ ማለት መሣሪያው ከአደጋ ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። በቆመ ማጨጃ ውስጥ ቢያንስ አራት የተደበቁ ኃይሎች አሉ።

የመጀመሪያው የመሽከርከር ኃይል ነው። የዟሪ ማጨጃ ሳህኖች ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ለጥቂት ጊዜ መዞራቸውን ይቀጥላሉ። ሁለተኛው የክብደት ኃይል ነው። በሃይድሮሊክ ወደ ላይ የተነሣ ማጨጃ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም አንድ ሰው ሳያውቅ ማንሻውን ቢነካው ባንድ አፍታ ይወርዳል። ሦስተኛው የታመቀ ዘይት ኃይል ነው፤ ይህ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በቱቦዎቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። አራተኛው የስለቱ ኃይል ነው። የባለ ጣት ማጨጃ ምላጭ የሞተር እርዳታ ሳያስፈልገው ማሽከርከሪያው በእጅ ጥቂት ቢገፋ ብቻ ይንቀሳቀሳልና በጣቶቹ መካከል የገባን የሰው ጣት ይቆርጣል። አንዱ ሠራተኛ ምላጩን እየመረመረ ሌላው «ይለቀቅ እንደሆነ ልየው» ብሎ ማሽከርከሪያውን ሲያዞር የሚደርሰው አደጋ ከዚህ ዓይነቱ ነው።

መሣሪያው ከመነካቱ በፊት

ማንኛውም ክፍል ከመለወጡ በፊት የሚከተሉት ተግባሮች በቅደም ተከተላቸው መፈጸም አለባቸው።

1. ትራክተሩ ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። በረጅም ደረቅ ሣር ውስጥ መሥራት የእሳት አደጋም የወደቀ ቡሎን መጥፋትም ያስከትላል።

2. የኃይል ማውጫው ዘንግ ይቋረጣል፤ ማጨጃው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ማርሹ ነጻ ሆኖ የእጅ ፍሬን ይያዛል።

3. ሞተሩ ይጠፋል፤ የማስነሻው ቁልፍም ይነቀላል። ቁልፉን የሚይዘው ክፍሉን የሚለውጠው ሠራተኛ ራሱ ነው እንጂ ሹፌሩ ወይም አለቃው አይደለም። እጁ ምላጩ ላይ ያለ ሰው ቁልፉም በኪሱ ሊኖር ይገባል።

4. የሚሽከረከረው ሁሉ ፈጽሞ እስኪቆም ይጠበቃል። መቆሙም በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይን ይረጋገጣል።

5. የሃይድሮሊኩ ማንሻ ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቅሶ በቱቦዎቹ ውስጥ የታመቀው ዘይት እንዲረግብ ይደረጋል።

6. ከሥር መሥራት ግድ ከሆነ ማጨጃው ተነሥቶ በጠንካራ ጉማጅ እንጨት ወይም በብረት መደገፊያ ይደገፋል፤ የትራክተሩ ጎማዎችም በሽብልቅ ይያዛሉ። ድንጋይና ጡብ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ለመደገፊያነት አይሆኑም። በሃይድሮሊክ ብቻ በተያዘ መሣሪያ ሥር መግባት በማናቸውም ምክንያት አይፈቀድም።

እነዚህ ስድስት ተግባሮች ሲለመዱ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስዱም።

የባለ ጣት ማጨጃ ምላጭ አለዋወጥ

ምላጩ ማርጀቱ የሚታወቀው ሣሩን ከመቁረጥ ይልቅ ማኘክና መጎተት ሲጀምር፣ በታጨደው መስክ ላይም ያልተቆረጠ ሣር በመስመር ሲቀር ነው። የደነዘ ስለት ሣሩን በጣቶቹ መካከል ስለሚወትፈው ሠራተኛው በየጊዜው እየወረደ በእጁ ለማጽዳት ይገደዳል። ስለዚህ ያረጀ ምላጭ ራሱ የአደጋ ምክንያት ነው። የተወተፈ ሣርም ቢሆን ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእንጨት እንጂ በእጅ አይጸዳም።

ምላጮቹን የተሸከመው ዘንግ ከአግዳሚው ሲወጣ ወፍራም የእጅ ጓንት ማድረግና ዘንጉን ስለት በሌለው በጀርባው በኩል መያዝ ያስፈልጋል። ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲወሰድ ስለቱ በጣውላ ተሸፍኖ ለሁለት ሰው ይያዛል እንጂ እንደ ጦር በትከሻ አይነገብም።

ምላጮቹ ከዘንጉ ጋር የሚያያዙት አናታቸው ተቀጥቅጦ በሚታሰር ምስማር (ሪቬት) ወይም በቡሎን ነው። በሪቬት የታሰረውን ለማላቀቅ፣ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ዘንጉ በሞርሳው መንጋጋ ላይ ይደገፍና የምላጩ ጀርባ በመዶሻ ይመታል፤ ሪቬቶቹም ይቆረጣሉ። በዚህ ጊዜ የብረት ስባሪ ስለሚፈናጠር የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው። የሪቬቱ ቅሪት በመብሻ ከወጣ በኋላ አዲሱ ምላጭ በዘንጉ ላይ ክፍተት ሳይኖረው ተደላድሎ ይታሰራል። ላላ ብሎ የታሰረ ምላጭ ጣቱን መትቶ ራሱም ይሰበራል፣ ጣቱንም ይሰብራል።

ምላጩን ብቻ ለውጦ መተው ግን ሥራን በግማሽ መተው ነው። መቀስ በአንድ ስለት እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ በጣቱ ውስጥ ያለው ተቀባይ ስለት ጠርዙ ከተጠረዘ አዲሱ ምላጭም አይቆርጥም። ስለዚህ የጎበጡ ጣቶች ይቃናሉ፣ የተበሉት ይለወጣሉ። ምላጩን ከላይ የሚጫኑት መያዣዎች ምላጩ ሳይጨናነቅ እንዲንሸራተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ብቻ ይኑራቸው። በመጨረሻም ምላጩ በምልልሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መካከሉ ከጣቱ መካከል ጋር ትክክል መሆኑ ይታያል። ይህን ለማየት ማሽከርከሪያውን የሚያዞረው ሰው የሁሉም እጅ ከአግዳሚው መራቁን በቃል ጠይቆ መልስ ሳይሰማ ማዞር የለበትም።

የዟሪ ማጨጃ ምላጭ አለዋወጥ

የዚህ መሣሪያ አደጋ ከፍጥነቱ የሚመነጭ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሳህን ከመካከሉ እስከ ምላጩ ጫፍ 26 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የምላጩ ጫፍ በሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ፣ ማለትም በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ተላቆ የሚወረወር ምላጭ ለሰውና ለከብት ገዳይ ነው። በመሆኑም መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ማንም ሰው ቢያንስ ከ50 ሜትር ይበልጥ ሊቀርብ አይገባውም፤ በድንጋያማ ስፍራ ርቀቱ ከዚህም ሊጨምር ይገባል። ይህ በተለይ ከብት የሚጠብቁ ሕፃናትን ይመለከታል።

ምላጭ ሲለወጥ በአንድ ሳህን ላይ ያሉት ሁሉ ባንድነት ይለወጣሉ። አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ ማድረግ ቁጠባ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በሁለቱ ምላጮች መካከል የ50 ግራም ልዩነት ቢኖርና ክብደታቸው ከመካከሉ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት 125 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት በየዙሩ ሳህኑን ወደ አንድ ወገን እንደሚጎትተው ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ ኩሽኔታው ይበላል፣ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ውሎ አድሮም ሳህኑ ይሰነጠቃል።

ቡሎኑና ዳዶው ከምላጩ ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋሉ። አንገቱ የተበላ ቡሎን ከምላጩ ጋር ይለወጣል፤ የምላጩ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከሰፋም ምላጩ ስለቱ ቢኖረውም ይወገዳል። የምላጭ ቡሎን ከልዩ ጠንካራ ብረት የተሠራ ስለሆነ፣ ውፍረቱና ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ ከገበያ የተገኘ ተራ ቡሎን በስፍራው ሊገባ አይገባም። የዳዶው አጠባበቅም በአምራቹ መምሪያ በተጻፈው መጠን ይሁን። ጎን ለጎን ያሉ ሳህኖች ብዙውን ጊዜ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የግራና የቀኝ ምላጮች እንዳይለዋወጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በገጠር ጋራዦች የተለመደ አንድ ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ይኸውም የተሰበረ ምላጭ በብየዳ መቀጠል ነው። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚለውጠው የተበየደው ምላጭ ሳይታሰብ ይሰበራል። ብየዳ ለብዙ የእርሻ መሣሪያ መድኃኒት ቢሆንም ለዟሪ ምላጭ ግን ክልክል ነው።

የማስተላለፊያ ዘንጉና የዘይት ቱቦው

ከትራክተሩ ወደ ማጨጃው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ የፕላስቲክ መሸፈኛ አለው። ይህ መሸፈኛ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጠፋ ማጨጃው እንደ ወትሮው ስለሚሠራ ብዙዎች እንደ ጉዳት አይቆጥሩትም። ነገር ግን ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ራቁት ዘንግ በሴኮንድ 9 ጊዜ ሲዞር፣ የነካውን ጨርቅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ይጠቀልላል። ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የተሰበረ መሸፈኛ እንደ ተሰበረ ምላጭ ሊቆጠርና ሳይተካ ሥራ ሊጀመር አይገባም። በሚዞር ዘንግ አጠገብ የሚሠራ ሰውም ልብሱ የተሰበሰበ ይሁን። የዘንጉ ክሮቸራ በመምሪያው መሠረት ግራሶ እየተሰጠው፣ መንቀጥቀጥ ወይም መላላት ሲጀምር ይለወጣል።

የሃይድሮሊክ ቱቦ ሲያፈስ ቀዳዳውን በእጅ ዳብሶ መፈለግ እጅግ አደገኛ ነው። በጣም በቀጠነ ቀዳዳ የሚወጣ የታመቀ ዘይት ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ፍሳሹ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በጣውላ ቁራጭ ነው። ዘይት የገባበት ሰው ቁስሉ እንደ መርፌ ጫፍ ትንሽ ቢሆንና ባያመውም፣ እጁ የሚድነው ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና ሲያገኝ ስለሆነ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ከለውጡ በኋላ

ሥራው ሲያልቅ መፍቻዎች ሁሉ ተቆጥረው ይሰበሰባሉ፤ መሸፈኛዎች ሁሉ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ መደገፊያዎቹ ይነሣሉ። ከዚያም ማጨጃው ሰው ባልቆመበት አቅጣጫ በዝግታ ለጥቂት ደቂቃ ይሞከራል። ያልተለመደ ድምፅ ወይም ንዝረት ከተሰማ ሞተሩ ጠፍቶ ከላይ የተዘረዘሩት ስድስት ተግባሮች እንደ አዲስ ይጀመራሉ። አዳዲስ ቡሎኖች ከመጀመሪያው የሥራ ሰዓት በኋላ ዳግመኛ መጥበቃቸው ይታያል።

የኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች ድርሻ

እስከዚህ ድረስ የተገለጸው የመካኒኩና የሹፌሩ ተግባር ነው። መካኒኩ በጥንቃቄ ለመሥራት የሚችለው ግን የሚያስፈልገው ነገር በእጁ ሲኖር ነው። አዲስ ምላጭ በመጋዘን የሌለው ሠራተኛ አሮጌውን ይበይዳል፤ ትክክለኛ ቡሎን ያጣ ሠራተኛ በተገኘው ያስራል፤ ሣሩ እየደረቀበት አለቃው የሚያጣድፈው ሠራተኛም ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ይሰድዳል።

የሰፈራው ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከቀድሞዎቹ የወሎ፣ የትግራይና የሸዋ ክፍላተ ሀገር ተነሥተው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ በተወሰዱ ጊዜ፣ በመተከል ፓዌ የእርሻው ሥራ በትራክተር ላይ የተመሠረተ ነበር። አካባቢው ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ያለበት በመሆኑ በሬ እንደ ልብ አልነበረም። የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲቋረጥና የትራክተሩ አገልግሎት ሲቀር ሰፋሪው ማረሻም በሬም አጥሮት ተቸገረ። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ ማቅረብ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ መሣሪያውን የሚያቆየው የመለዋወጫና የጥገና ሥርዓት አብሮ ሊቀርብ እንደሚገባ ነው።

ስለሆነም የሚከተሉት ነጥቦች ሊተኮርባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ ማጨጃ በእርዳታ ሲቀርብ ወይም ሲገዛ ቢያንስ ለሁለት የድርቆሽ ወቅት የሚበቃ ምላጭ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ችንጋና የዘንግ መሸፈኛ አብሮ እንዲገባ በውሉ ይጻፍ። ትእዛዙም በመሣሪያው ስም ብቻ ሳይሆን በክፍሉ መለያ ቁጥር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ምርመራው በክረምት፣ ሣሩ ገና በማደግ ላይ ሳለ ይካሄድ። በሐምሌ የታየ ጉድለት ለመስከረም ይደርሳል፤ በጥቅምት የታየ ጉድለት ግን ለከርሞ ነው።

ሦስተኛ፣ የአጠቃቀሙ መምሪያ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይተርጎም፤ ማንበብ ለማይችሉትም በሥዕልና በተግባር ይገለጽ።

አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መዝገብ ይከፈት። መዝገቡ የተለወጠውን ክፍል፣ ቀኑንና የለወጠውን ሰው ስም ይያዝ። የሚቀጥለው ዓመት ትእዛዝ ትክክለኛ የሚሆነው በዚህ መዝገብ ላይ ሲመሠረት ነው።

አምስተኛ፣ ትራክተሩ ባለበት ሁሉ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይኑር። ደም የሚፈስበት ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል። የተቆረጠ ጣት ቢኖር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተደርጎ፣ በረዶ በቀጥታ ሳይነካው ቀዝቀዝ ብሎ ከበሽተኛው ጋር ይላካል።

ስድስተኛውና ዋናው፣ መካኒኩ «ይህ መሣሪያ ካልተስተካከለ አይሠራም» ባለ ጊዜ ቃሉ የሚከበርበት ሥርዓት ይኑር። የዕለቱን ዕቅድ አላሟላህም ተብሎ የሚወቀስ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፤ የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለውም ራሱ ወይም ረዳቱ ነው።

ከዚህ በላይ እንደ ተሰላው የአንድ ቀን አጨዳ የሃያ ከብት የሦስት ወር ቀለብ ነው። ይህን ቀለብ ለማዳን የሚያስፈልገው ምላጭ በመጋዘን፣ መሸፈኛ በዘንጉ ላይ፣ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ መገኘት ነው። ሦስቱም በክረምት ሊዘጋጁ የሚችሉና ከብዙዎቹ የእርዳታ ወጪዎች ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው አነስተኛ የሆነ ነገሮች ናቸው። የባከነ አንድ ቀን በማግስቱ በትጋት ሊካካስ ይችላል፤ የተቆረጠ እጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት ማጭድም ሆነ መሪ አይጨብጥም።